8ኬ ቴሌቪዥን፦ ለዓይን የሚታይ ጥራት ወይስ ለካርቶን የሚሆን ቁጥር?

የቴሌቪዥን ገበያ የቁጥር ገበያ ከሆነ ሰነባብቷል። ቀደም ሲል ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ነው? የየት አገር ሥሪት ነው?» ብሎ ነበር። ዛሬ ግን «ፉል ኤች ዲ ነው ወይስ 4ኬ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። አቅሙ የፈቀደለት ደግሞ «8ኬ የላችሁም?» ይላል። ሻጩም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከፍ ሲል ምስሉም ለተመልካቹ ዓይን የዚያኑ ያህል ይሻሻላል ወይ? የሚለው ጥያቄ በአስመጪውም፣ በቸርቻሪውም፣ በሸማቹም ዘንድ በቅጡ የተመለሰ አይመስልም።

ጥያቄው የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ጉዳይም ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው ደግሞ በዕቃው ዋጋ ላይ የማጓጓዣና የመድን ወጪ ተጨምሮ በመሆኑ፣ ለማይታይ ጥራት የተከፈለ እያንዳንዱ ዶላር ቀረጡንም፣ ታክሱንም፣ የነጋዴውን ትርፍም ይዞ ይመጣል። በመሆኑም ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ለገዢው ቁጠባ፣ ለነጋዴው ደግሞ ካፒታሉን ሱቅ ውስጥ እንዳያስር መጠበቂያ ነው።

ቁጥሩ ምንድነው?

የማንኛውም ቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው ፒክሰል ተብለው ከሚጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ፉል ኤች ዲ የሚባለው ስክሪን በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ 2 ሚሊዮን 73 ሺህ 600 ነጥቦች ይሆናሉ። 4ኬ የሚባለው በአግድም 3,840 በቁመት 2,160 ሲሆን፣ ድምሩ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። 8ኬ ደግሞ 7,680 በ4,320 ሆኖ ከ33 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ይይዛል። በሌላ አነጋገር 4ኬ የፉል ኤች ዲ አራት እጥፍ፣ 8ኬ ደግሞ የ4ኬ አራት እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ ከሆነ ምስሉም አራት እጥፍ የጠራ ይሆናል ብለው በማሰባቸው ነው። የነጥቦቹ መብዛት ጥቅም የሚሰጠው የሰው ዓይን አንዱን ነጥብ ከሌላው ለይቶ ማየት እስከቻለበት ርቀት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በኋላ ነጥቦቹ ስለሚዋሐዱ 8 ሚሊዮንም ሆኑ 33 ሚሊዮን ለተመልካቹ አንድ ናቸው። በእጅ የተጻፈን ደብዳቤ በቅርብ ያነበበ ሰው ያንኑ ደብዳቤ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ማንበብ እንደማይችለው ማለት ነው። ጽሑፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው።

ዓይን እስከ ምን ድረስ ያያል?

የዓይን ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ሲሠሩበት የኖሩት መለኪያ ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ የዕይታ ስፋት ውስጥ 60 ያህል ነጥቦችን ይለያል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የሜታ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ጥናት ደግሞ ይህ አኃዝ ዝቅ ያለ መሆኑን አመልክቷል። በጥናቱ መሠረት ዓይን ፊት ለፊት ያለን የጥቁርና ነጭ ዝርዝር ሲመለከት በአማካይ በአንድ ዲግሪ ውስጥ እስከ 94 ነጥቦች ድረስ መለየት ይችላል። ለአንዳንድ ቀለማት ግን አቅሙ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

ለገዢው በጣም ለጋስ የሆነውን ይህን የ94 ነጥብ መለኪያ ይዞ ማስላት ይቻላል። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ወርዱ 122 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ስክሪን ፉል ኤች ዲ ከሆነ ነጥቦቹን መለየት የሚቻለው እስከ 3.4 ሜትር ርቀት ድረስ ነው። 4ኬ ከሆነ እስከ 1.7 ሜትር፣ 8ኬ ከሆነ ግን እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ይሆናል።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከባለ 55 ኢንች ስክሪን በ2.5 ሜትር ርቀት ላይ የሚቀመጥ ቤተሰብ 4ኬውን ከፉል ኤች ዲው ሊለይ ይችላል። 8ኬውን ከ4ኬው ለመለየት ግን ሶፋውን ትቶ ከቴሌቪዥኑ ከ1.7 ሜትር ባነሰ ርቀት መቀመጥ ይኖርበታል። ሰባ አምስት ኢንች ቢሆን እንኳ 8ኬ ከ4ኬ መለየት የሚጀምረው ከ2.3 ሜትር ወዲህ ነው። ባለ 85 ኢንች ከሆነ ደግሞ ከ2.6 ሜትር ወዲህ ይሆናል። ያን ያህል ግዙፍ ስክሪን ገዝቶ ያን ያህል ተጠግቶ የሚቀመጥ ሰው ብዙ አይደለም።

ለሱቅም ለቤትም የሚሆን ቀላል ስሌት

መለኪያ ይዞ መዞር ለማይፈልግ ገዢ ወይም ሻጭ የሚከተለው ግምታዊ ስሌት ያገለግላል።

– የስክሪኑን ኢንች በ6 ማባዛት፤ የሚገኘው ሳንቲ ሜትር ፉል ኤች ዲ የሚበቃበት መነሻ ርቀት ነው። ከዚያ ርቆ ለሚቀመጥ ሰው 4ኬ የሚጨምርለት እዚህ ግባ የሚባል ጥራት የለም።

– ኢንቹን በ3 ማባዛት፤ የሚገኘው ሳንቲ ሜትር 4ኬ የሚበቃበት መነሻ ርቀት ነው። ከዚያ ርቆ ለሚቀመጥ ሰው 8ኬ ትርፍ ወጪ ነው።

ለምሳሌ 65 ኢንች በ6 ሲባዛ 390 ሳንቲ ሜትር፣ በ3 ሲባዛ 195 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ሜትር እስከ አራት ሜትር ባለው ርቀት ላይ ለሚቀመጥ ተመልካች ባለ 65 ኢንች 4ኬ ተገቢ ምርጫ ነው። ባለ 32 ኢንች ከሆነ ግን በ6 ተባዝቶ 192 ሳንቲ ሜትር ነው። በመኝታ ቤት ውስጥ ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ ለሚታይ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 4ኬ ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም።

የሚታየው ፕሮግራምስ?

ሁለተኛው ጥያቄ ስክሪኑ የሚቀበለው ምስል በምን ያህል ጥራት ተዘጋጅቶ ይመጣል? የሚለው ነው። ስክሪኑ 33 ሚሊዮን ነጥብ ቢኖረውም የሚላክለት ምስል የሁለት ሚሊዮን ነጥብ ከሆነ ቀሪውን የሚሞላው ቴሌቪዥኑ ራሱ በግምት ነው። ይህ አሠራር አፕስኬሊንግ ይባላል። ጥሩ ፕሮሰሰር ያለው ቴሌቪዥን ግምቱን በብቃት ይሠራል፤ ነገር ግን ካሜራው ያልቀረጸውን ዝርዝር ከየትም አያመጣም።

በአገራችን አብዛኛው ተመልካች የሚጠቀመው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ሳተላይት በኢትዮሳት በኩል የሚሠራጩትን ጣቢያዎች ነው። እነዚህም የሚመጡት በስታንዳርድ ወይም በኤች ዲ ጥራት ነው። ስለዚህ ዲሽና ሪሲቨር ብቻ ለሚጠቀም ቤተሰብ ለ4ኬ የተከፈለው ተጨማሪ ዋጋ እንኳ በአብዛኛው ሥራ ፈት ነው፤ 8ኬማ ከነጭራሹ የሚያገኘው ነገር የለም።

4ኬ ምስል በብዛት የሚገኘው በኢንተርኔት ነው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ ፊልም በሴኮንድ 15 ሜጋ ቢት ፍጥነት እንዲኖር ይመክራል። ለፉል ኤች ዲ የሚመክረው ግን 5 ሜጋ ቢት ነው። በፍጆታ ረገድም አንድ ሰዓት የ4ኬ ፊልም እስከ 7 ጊጋ ባይት ድረስ ሲወስድ፣ አንድ ሰዓት የፉል ኤች ዲ ፊልም 3 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። በቤቱ ገደብ የለሽ የብሮድባንድ መስመር ላለው ሰው ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ግን የሁለት ሰዓት አንድ ፊልም 14 ጊጋ ባይት ይዞበት ይሄዳል። የቴሌቪዥኑ ዋጋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ የዳታው ግን በየወሩ ይመለሳል።

ኳስን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ 64ቱም ጨዋታዎች በ4ኬ የተቀረጹ ነበሩ። ነገር ግን በ4ኬ መቀረጹና ለተመልካቹ በ4ኬ መድረሱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መካከል ላይ ያለው ሪሲቨር ኤች ዲ ብቻ ከሆነ የሚደርሰው ኤች ዲ ነው።

8ኬ እንዴት ተጀመረ፣ ወዴትስ ደረሰ?

የ8ኬ ጅማሬ ከጃፓኑ የብሮድካስት ድርጅት ከኤን ኤች ኬ ጋር የተያያዘ ነው። ድርጅቱ ቴክኖሎጂውን ለዓመታት ሲያጠናና ሲሞክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክን ከቢቢሲ ጋር በመሆን በተመረጡ አዳራሾች አሳይቷል። በታኅሣሥ 2018 ደግሞ መደበኛ የ8ኬ የሳተላይት ጣቢያ ከፍቷል። ሻርፕ የ8ኬ ቴሌቪዥን ለሸማቾች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። ሳምሰንግ በ2018፣ ኤል ጂና ሶኒ ደግሞ በ2019 ተከተሉት።

በወቅቱ 4ኬ ፉል ኤች ዲን ከገበያ እንዳስወጣው ሁሉ 8ኬም 4ኬን ያስወጣል የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው ግን አልሠመረም። እ.ኤ.አ. በ2023 ቲሲኤል ከ8ኬ ፊቱን መልሷል። በ2025 ደግሞ ሶኒ የ8ኬ ሞዴሎቹን ማቆሙ ተዘግቧል። ሳምሰንግ ግን በዚያው ዓመት አዲስ የ8ኬ ሞዴል ማቅረቡን ቀጥሎ ነበር።

ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው የፕሮግራም እጥረት ነው። ከጃፓን ውጪ ሌሎች ታላላቅ የቴሌቪዥን ድርጅቶች መደበኛ የ8ኬ ሥርጭት ለመጀመር አልተሽቀዳደሙም። ለዲጂታል ሲኒማ የተሠሩ በርካታ ፊልሞችም የመጨረሻ ቅጂያቸው የተዘጋጀው በ2ኬ ነው፤ ይህም ከፉል ኤች ዲ እምብዛም የማይበልጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የኤሌክትሪክ ፍጆታ ነው። በአንድ ስክሪን ላይ ነጥቦች በበዙ ቁጥር እያንዳንዱ ነጥብ ስለሚያንስ ከጀርባ የሚመጣው ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ይጠብባል። ስለዚህ እኩል ድምቀት ለማግኘት የጀርባ መብራቱ የበለጠ ኃይል መሳብ ይኖርበታል። የአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ የኃይል ገደብ በ8ኬ ስክሪኖች ላይም ተግባራዊ ሲያደርግ፣ አምራቾች ገደቡን ለማለፍ ቴሌቪዥኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ድምቀታቸው ዝቅ ባለ አሠራር እንዲስተካከሉ ማድረግ ግድ ሆኖባቸዋል።

ነጋዴ ይህን ከቀድሞው የባለ ሦስት ገጽታ ወይም ስሪ ዲ ቴሌቪዥን ታሪክ ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል። አቫታር የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ከወጣ በኋላ አምራቾች በ2010 ስሪ ዲ ቴሌቪዥኖችን ገበያ ላይ አወረዱ። መነጽር ተደርጎ የሚታየው ይህ ቴሌቪዥን የወደፊቱ መንገድ ነው ተብሎ ነበር። በ2017 ግን ኤል ጂና ሶኒ ጭምር ከአዳዲስ ሞዴሎቻቸው አስወጡት። ያን ጊዜ ብዙ ዕቃ ያከማቸ ነጋዴ የተረፈው ገዢ የማይጠይቀው መነጽር ነበር።

ታዲያ 4ኬስ ይጠቅማል?

ከላይ የተነገረው ሁሉ 4ኬ አይረባም ማለት አይደለም። በ50 ኢንችና ከዚያ በላይ ባሉት መጠኖች ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ 4ኬ ስላዞሩ አዲስ ፉል ኤች ዲ ማግኘትም ቀላል አይደለም። በዚህ መጠን ገዢው 4ኬን መምረጡ ትክክል ነው፤ ይሁንና ተጨማሪ ገንዘብ ካለው በነጥብ ብዛት ፈንታ በሌሎች ነገሮች ላይ ቢያውለው የበለጠ ይጠቀማል።

አንደኛው ንፅፅር ነው፤ ጥቁሩ በእርግጥ ጥቁር፣ ነጩም በእርግጥ ነጭ ሆኖ የመታየቱ ነገር። ዓይን ከነጥብ ብዛት ይልቅ ይህንን በፍጥነት ይለያል። ሁለተኛው ድምቀት ነው። ኤች ዲ አር የሚባለው አሠራር በካርቶኑ ላይ ቢጻፍም ስክሪኑ በቂ ድምቀት ከሌለው ጥቅሙ ስም ብቻ ነው። ሦስተኛው በሴኮንድ የሚቀያየረው ምስል ብዛት ሲሆን፣ ለኳስና ለቪዲዮ ጌም 120 ኸርዝ የሆነ ስክሪን ከ60 ኸርዝ የተሻለ እንቅስቃሴ ያሳያል። አራተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ለድምፅ ማጉያ በቂ ቦታ ስለሌላቸው፣ ለ8ኬ የሚከፈለው ልዩነት በጥሩ ሳውንድ ባር ላይ ቢውል ማንም ሰው ልዩነቱን ይሰማዋል።

«4ኬ» የሚል ካርቶን ሁሉ 4ኬ አይደለም

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ በርካሽ ሞዴሎች በኩል መጠንቀቅ ያሻል። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች በካርቶናቸው ላይ 4ኬ የሚል ጽሑፍ ይዘው ሳለ የስክሪናቸው ትክክለኛ ነጥብ ግን 1,366 በ768 ወይም 1,920 በ1,080 ሆኖ ይገኛል። ጽሑፉ የሚያመለክተው የ4ኬ ፋይል ተቀብሎ አሳንሶ ማሳየት መቻሉን ነው፤ ስክሪኑ 4ኬ ነው ማለት አይደለም። «4ኬ ይደግፋል» እና «4ኬ ስክሪን» የሚሉት ሐረጎች በዋጋ የሚለያዩ ሁለት ዕቃዎችን ይገልጻሉ።

ለማረጋገጥ የመጀመሪያው መንገድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር ወስዶ በአምራቹ ዝርዝር ላይ የስክሪኑን ነጥብ ማየት ነው። ሁለተኛው፣ 3,840 በ2,160 ሆኖ የተሠራና አንድ መስመር ጥቁር አንድ መስመር ነጭ የሆነ የሙከራ ምስል በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። ቴሌቪዥኑ ፎቶን በሙሉ ጥራት የሚከፍት ከሆነ፣ በእውነተኛ 4ኬ ላይ መስመሮቹ ተጠግቶ ለሚያይ ሰው ተለይተው ይታያሉ። በሐሰተኛው ላይ ተቀላቅለው ግራጫ ይሆናሉ። ይህ ሙከራ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ዕቃው በብዛት ሲገዛ ግን ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ከውጭ በዘመድ በኩል የሚመጡ ቴሌቪዥኖችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቴሌቪዥን አንዳንዱ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው መቀበያም ለሰሜን አሜሪካ ሥርጭት የተዘጋጀ ነው። በአገራችን 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር የሰኩት ሰው ቁጥሩ 8ኬ ቢሆንም አያድነውም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡት ግን በቮልቴጅ ረገድ ለእኛ የቀረቡ ናቸው።

ለሆቴል፣ ለካፌና ለስፖርት ባር ባለቤት

በርካታ ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ የሚገዙ ባለሀብቶች ስሌቱን ከሁሉ በፊት ሊይዙት ይገባል። ለምሳሌ 40 የመኝታ ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል በየክፍሉ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ለመስቀል ቢያስብ፣ 43 በ6 ተባዝቶ 258 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዳው አልጋ ላይ ሆኖ ቴሌቪዥኑን የሚያየው ከሦስት ሜትር ርቀት ከሆነ ፉል ኤች ዲውና 4ኬው ለእርሱ እኩል ናቸው። በአንዱ ቴሌቪዥን ላይ ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በ40 ሲባዛ ለተሻለ ፍራሽ ወይም ለኢንተርኔት መስመር ሊውል የሚችል ገንዘብ ነው።

በስፖርት ባር በኩልም ተመሳሳይ ነው። ባለ 75 ኢንች ስክሪን በ6 ሲባዛ 450 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከአምስት ሜትር በላይ ርቀው ለሚቀመጡት ደንበኞች ነጥቡ መብዛቱ ትርጉም የለውም። ለእነርሱ የሚያስፈልጋቸው ትልቅ ስክሪን፣ በቀን ብርሃን የሚታይ ድምቀትና ከጎን ሲታይ ቀለሙ የማይደበዝዝ ፓኔል ነው። በዚህ ረገድ አይ ፒ ኤስ የሚባለው የፓኔል ዓይነት ከጎን ለሚያዩ ይሻላል፤ ቪ ኤ የሚባለው ፊት ለፊት ለሚያዩ የተሻለ ንፅፅር ይሰጣል። ኦሌድ ምስሉ እጅግ ያማረ ቢሆንም፣ የጣቢያ ምልክትና የውጤት ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ ከቆመበት ጠባሳ ሊይዝ ስለሚችል ለባር የሚመከር አይደለም። በተጨማሪም ብዙ አምራቾች ለቤት የተሠራ ቴሌቪዥን ለንግድ ሥራ ሲውል ዋስትናውን እንደማያከብሩ ማወቅና የዋስትና ወረቀቱን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ለነጋዴው የሚተርፈው

ገበያውን በጥቅሉ ለሚመለከት ሰው ሥዕሉ እንዲህ ነው። እስከ 32 ኢንች ባለው መጠን የ4ኬ ስም ዋጋ የሚያስጨምርበት በቂ ምክንያት የለም። በ43 ኢንች ነገሩ በተመልካቹ ርቀት ይወሰናል። ከ50 ኢንች ጀምሮ 4ኬ መደበኛ ዕቃ ነው፤ የዋጋ ልዩነት ሊጠየቅበት የሚገባውም በንፅፅር፣ በድምቀት፣ በዋስትናና በመለዋወጫ አቅርቦት ነው። 8ኬ ግን የሚገዛው ጥቂት፣ የሚያቀርበው አምራች እየቀነሰ የመጣ፣ የሚያሳየው ፕሮግራምም በእጅጉ የተወሰነ ዕቃ ነው። ለታዋቂ ደንበኛ በትዕዛዝ አንድና ሁለት ማምጣት ይቻላል። ኮንቴይነር ሞልቶ በብድር ገንዘብ ማምጣት ግን ወለዱ ከዕቃው ቀድሞ የሚሸጥበት ንግድ ነው።

ለሸማቹ ደግሞ ምክሩ አጭር ነው፤ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ከሶፋው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ይለካ። ያ ርቀት በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሁሉ ይበልጥ የሚገዛውን ዕቃ ይነግረዋል።